የመጀመሪያው ድንበር፦ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ በወጣቶች የሽሽት ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያውያን ስደት የተጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ መነሻውን መተማ፣ ኩርሙክ፣ ሞያሌ ወይም የጅቡቲን በረሃ ያደርጋል፤ በዓለም አቀፍ ሕግ አንድ ሰው ስደተኛ የሚባለው የአገሩን ወሰን ከተሻገረ በኋላ ነውና ይህ አያስገርምም። ይሁን እንጂ በደርግ ዘመን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለሚሸሽ ወጣት ፈተናው ሱዳን ወይም ኬንያ እስኪደርስ አይጠብቅም ነበር፤ ገና ከመሀል ከተማ 15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይርቅ፣ በአስፋልት ላይ ከተወጠረ ገመድ ፊት ይጀምራል። በሰሜን ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ የሚገኘው ሱሉልታ የጎጃም መንገድ፣ በምዕራብ ያለው ቡራዩ የአምቦና የነቀምቴ መንገድ፣ በደቡብ ምዕራብ ያለው ሰበታ ደግሞ የጅማ መንገድ የመጀመሪያ ከተሞች ስለሆኑ፣ ከዋና ከተማዋ በእነዚህ ሦስት አቅጣጫዎች የወጣ ሁሉ በእነርሱ በኩል ማለፍ ግድ ሆኖበታል።

ኬላ፣ ማለትም መንገደኛና ጭነት የሚቆምበት የፍተሻ ቦታ፣ ደርግ የፈጠረው ነገር አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመንም ከዚያ በፊትም በየመንገዱ፣ በየተራራው መውጫና በየወንዙ መሻገሪያ የቆሙ ኬላዎች ነበሩ፤ ሥራቸውም ከነጋዴው ቀረጥ መሰብሰብ ነበር። ቡና፣ አሞሌ ጨው፣ ቆዳ ወይም ማር ጭኖ የሚሄድ ሲራራ ነጋዴ ከአንዱ ገዥ ግዛት ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ይከፍል ስለነበር፣ የኬላው ዘበኛ ዓይን የሚያርፈው ከሰውየው ይልቅ በአጋሰሱ ጭነት ላይ ነበር። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአገር ውስጥ የኬላ ቀረጥ ቀስ በቀስ በማዕከላዊ የጉምሩክ አስተዳደር ተተካ፤ ኬላው ግን ከነቦታው፣ ከነስሙና ከነልማዱ ቆየ። በኋላ የመጣው መንግሥት የሰውን እንቅስቃሴ መቆጣጠር ሲፈልግ አዲስ ነገር መሥራት አላስፈለገውም፤ ለጭነት የተሠራውን ለሰው አዋለው።

በእነዚህ መንገዶች የተደረገው የሽሽት ታሪክም ከደርግ ይቀድማል። የካቲት 12 ቀን 1929 በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ በሚገኝበት ቦታ፣ በፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ ስምዖን አደፍርስ በተባለ ባለታክሲ መኪና ከከተማዋ ወጥተው በሰሜን አቅጣጫ ወደ ደብረ ሊባኖስ መሄዳቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ስምዖን ተይዞ በሥቃይ ሞተ፤ ሁለቱ ወጣቶች ከአርበኞች ጋር ከቆዩ በኋላ ወደ ሱዳን ለመሻገር ባደረጉት ጉዞ ሕይወታቸው አለፈ። ግራዚያኒ ገዳሙን ወንጀለኞችን ሸሽጓል በሚል ሰበብ ግንቦት 1929 መነኮሳቱን ሲያስጨፈጭፍ፣ ከሱሉልታ ሜዳ ባሻገር ላሉት የሰላሌ ሰዎች ለሸሸ ሰው ማደሪያ መስጠት ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሳያቸው። ከአርባ ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ የሄዱት የከተማ ልጆች የሰላሌና የጎጃም ገበሬ ማንነቱን ያላወቀውን እንግዳ በጥርጣሬ ሲያየው ቢያዝኑም፣ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም።

በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት ከአገር መውጣት የፈለጉ ተማሪዎች የመረጡት መንገድ ሌላ ነበር። ነሐሴ 1961 ብርሃነ መስቀል ረዳና ጓደኞቹ ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም ሲያርፉ፣ ኅዳር 29 ቀን 1965 ደግሞ ተመሳሳይ ሙከራ ያደረጉት ዋለልኝ መኮንን፣ ማርታ መብራህቱና አብዛኞቹ ጓደኞቻቸው እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ተገደሉ። የጠለፋው ታሪክ በራሱ ብዙ የተጻፈበት ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው። በዚያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ለመድረስ ተማሪው የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር፤ ፓስፖርቱ በቦሌ ይከለከል እንጂ የአገር ውስጥ መንገድ አይዘጋበትም። የቀበሌ ወረቀት አምጣ የሚለው ቢኖር እንኳ ቀበሌ ራሱ ገና አልተፈጠረም።

ቀበሌ የተፈጠረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አዋጁ ነዋሪዎች ተሰባስበው የኪራይ ቤታቸውንና የሰፈራቸውን ጉዳይ እንዲያስተዳድሩ ያለመ ነበር፤ ይሁን እንጂ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በአዲስ አበባ ወደ 300 የሚጠጉት ቀበሌዎች የራሳቸው ፍርድ ሸንጎ፣ የራሳቸው እስር ቤትና የአብዮት ጥበቃ ጓድ የሚባል የታጠቀ ኃይል ያላቸው ተቋማት ሆኑ። መታወቂያ የሚሰጠው፣ የስኳርና የዘይት ራሽን የሚያከፋፍለው፣ እንግዳ ያሳደረውን የሚመዘግበውና ከከተማ ለሚወጣ ሰው የይለፍ ወረቀት የሚጽፈው ቀበሌ ነበር። በይለፍ ወረቀቱ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የሚሄድበት ቦታ፣ የጉዞው ምክንያትና የቀበሌው ክብ ማኅተም ይሰፍራል። ተፈላጊ የሆነ ወጣት ወረቀቱን ለማግኘት ወደሚፈልገው ጽሕፈት ቤት በገዛ እግሩ መሄድ ስለማይችል፣ አማራጩ የሌላ ሰው ወረቀት መያዝ፣ ማኅተም ማስመሰል ወይም ያለ ወረቀት መሞከር ብቻ ሆነ።

ከመርካቶው አውቶቡስ ተራ ገና ሳይነጋ የተነሣ የክፍለ ሀገር አውቶቡስ የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ ወይም የጅማን መንገድ ይዞ ከከተማ ሲወጣ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተተከሉ ሁለት ምሰሶዎች ላይ የተወጠረው ገመድ ያስቆመዋል። ሾፌሩ ሞተር ያጠፋል፤ ረዳቱ ፖርቶመጋላ ላይ ወጥቶ የጭነቱን ሸራ ይፈታል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ወንዱ በአንድ፣ ሴቱ በሌላ ወገን ይሰለፋል። ፈታሹ መጀመሪያ የሚጠይቀው መታወቂያና የይለፍ ወረቀት ቢሆንም፣ ውሳኔው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ወረቀቱን ሳይሆን ሰውየውን አይቶ እንደነበር በዚያ ዘመን ሰዎች ማስታወሻዎች ተደጋግሞ ይነበባል። ጋቢ የደረበ፣ በጎማ የተሠራ በረባሶ ጫማ ያደረገ ነገር ግን መዳፉ ያልሻከረ፣ አፍሮ ጠጉሩን ትናንት የተቆረጠ መሆኑ ከአንገቱ የሚታወቅ፣ ጅማ እናቱን ሊጠይቅ እንደሚሄድ ተናግሮ የእናቱን ሰፈር ስም የሚያመነታ ልጅ ከሰልፉ ተለይቶ ይቆማል። ስለዚህም ተዘጋጅቶ የሚወጣ ሰው ሳምንታት ቀደም ብሎ ጠጉሩን ያሳጥራል፣ ንግግሩን ይለማመዳል፣ ከተቻለም ከጭነት መኪና ሾፌር ጋር ተዋውሎ የተሳቢ ረዳት ሆኖ ይወጣል፤ ፊቱ በናፍጣ የጠቆረ ረዳት የደርግ ተቃዋሚ የሆነው የኢሕአፓ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ፣ አባል ይሆናል ብሎ የሚያስብ ፈታሽ ጥቂት ነበር።

ከመጋቢት 14 እስከ 18 ቀን 1969 በአዲስ አበባ በተካሄደው የቤት ለቤት አሰሳ ግን እንዲህ ያለው ጥበብ ሁሉ ዋጋ አልነበረውም። ከተማዋ ተዘግታ፣ የቀበሌ ጥበቃዎች፣ የሠራተኛ መከላከያ ጓዶችና ወታደሮች መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ማባዣና ተፈላጊ ሰው ፍለጋ ቤቶችን ሲበረብሩ፣ መውጫዎቹ የቁጥጥሩ መዝጊያ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ደርግ በተቃዋሚዎቹ ላይ ያካሄደው ቀይ ሽብር በይፋ ተጧጧፈ፤ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ሲከሰክሱ፣ ለሚያዳምጧቸው ወጣቶች የተላለፈው መልእክት ከከተማ ውጣ የሚል ነበር ማለት ይቻላል። የወጡት ግን ወደ ተለያየ ቦታ ነው፦ አንዳንዱ በሰሜን ምሥራቅ በኩል በትግራይ ወደሚገኘው የኢሕአፓ ሠራዊት ሠፈር ወደ አሲምባ፣ ሌላው በጎንደር በኩል ወደ ሱዳን፣ ብዙው ደግሞ ማንም ወደማያውቀው ዘመድ ቤት።

ከነሐሴ 1969 በኋላ የመኢሶን፣ ማለትም የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ፣ መሪዎች ራሳቸው ሸሺዎች መሆናቸው የዚህ ታሪክ መራራ ክፍል ነው። መኢሶን ከደርግ ጋር በነበረበት ጊዜ በሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት በኩል በቀበሌዎች ውስጥ ከፍተኛ ተሰሚነት ነበረው፤ የኢሕአፓን አባላት የመለየቱ፣ የመያዙና የማጋለጡ ሥራ ሲሠራም ካድሬዎቹ ከተመልካችነት ያለፈ ድርሻ ነበራቸው። ከደርግ ጋር ተጣልተው በቡድን በቡድን ከአዲስ አበባ ሲወጡ ግን ራሳቸው ባጠናከሩት ቁጥጥር ውስጥ ወደቁ። የመኢሶን መሪ ኃይሌ ፊዳ ተይዞ ከታሰረ በኋላ ሐምሌ 1971 ያለ ፍርድ ተገደለ። ከኢሕአፓ መሥራቾች አንዱ የሆነው፣ በኋላ ከድርጅቱ ተለይቶ በሰሜን ሸዋ መርሐ ቤቴ ገብቶ የነበረው ያው የ1961ዱ አውሮፕላን ጠላፊ ብርሃነ መስቀል ረዳም ከተያዘ በኋላ በዚያው ሰሞን ተገደለ። መርሐ ቤቴ ከሱሉልታ አልፎ በሙከ ጡሪ በኩል በሚገነጠለው መንገድ የሚደረስበት አገር ነው፤ በወጣትነቱ በአውሮፕላን ካርቱም የደረሰው ሰው በጎልማሳነቱ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ከማይሞላው ቦታ መራቅ አልቻለም።

ኬላውን በእግር ዞሮ ማለፍስ አይቻልም ነበር ወይ ለሚል ጥያቄ መልሱ ያለው በመሬት አዋጁ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ በየ800 ሄክታሩ ገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተወሰነ፤ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ዙሪያ ያሉ፣ ለአዲስ አበባ ባለርስቶች ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎችም ከጢሰኝነት ወጡ። ገበሬ ማኅበሩ ደግሞ የራሱ ታጣቂ ነበረውና በማሳው ላይ የሚያልፈውን እንግዳ ያስቆማል። ለዚህ ገበሬ አብዮቱ መሬት ነው፤ በሌሊት በእርሻው ዳር የሚሄደውን የከተማ ልጅ የባለርስት ወገን አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። ልጁ ግን ምናልባት ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1957፣ «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡት ተማሪዎች የተማረ፣ በዕድገት በኅብረት ዘመቻም ከ60,000 ገደማ ዘማቾች ጋር ገጠር ወርዶ ያንኑ መሬት ሲያከፋፍል የነበረ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ቋንቋ ተጨመረ። በአካባቢው የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ መንገደኛ ሰላምታ ከመመለሱ በፊት ይታወቃል፤ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ደግሞ በምዕራቡ መንገድ ላይ በሌላ ጥርጣሬ፣ በኦነግነት፣ ማለትም በኦሮሞ ነፃነት ግንባር አባልነት፣ ሊያዝ ይችላል።

ሦስቱ መንገዶች እኩል አልነበሩም። የቡራዩ መስመር ከሁሉ የከፋ ሳይሆን አይቀርም። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚሰጠው ከገፈርሳ ግድብ አለፍ ብሎ፣ በ1969 ለሶማሊያው ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሚሊሺያዎች የሠለጠኑበት የታጠቅ ጦር ሠፈር፣ ከዚያም መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው መኮንን ሆነው የወጡበት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ስለሚገኙ፣ በዚያ በኩል የሚሸሽ ሰው በጦር ሠፈር መካከል ያልፋል። በ1928 ኢጣሊያ አዲስ አበባን ስትይዝ የዚያው ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ለጥቁር አንበሳ የአርበኞች ጦር ወደ ነቀምቴ የሸሹት በዚሁ መንገድ መሆኑን ያስታወሰ የደርግ መኮንን ስለመኖሩ ግን የተጻፈ ነገር አይገኝም። ከነቀምቴ ወዲያ መንገዱ በአሶሳ አድርጎ ኩርሙክ ላይ ከሱዳን ጋር ይገናኛል።

የሰበታ መንገድ ችግር መጨረሻው ነበር። ከተማዋ በሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካዋ፣ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷና በጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል የምትታወቅ ጸጥ ያለች ስፍራ ብትሆንም፣ በጅማና በጎሬ በኩል ጋምቤላ የደረሰ ሸሺ ከ1975 በኋላ የሚያገኘው የደርግ ወዳጅ የሆነውን የደቡብ ሱዳን ነፃ አውጪ ጦር ነው። ስለዚህ በዚያ አቅጣጫ የወጡት ብዙ ጊዜ ከአለም ገና በቡታጅራ መንገድ ተገንጥለው ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንያ መስመር ይመለሱ ነበር። የተሻለው የሱሉልታ መንገድ ነው፤ ረጅም ቢሆንም፣ የዓባይ በረሃ ድልድይም ሌላ ኬላ ቢሆንም፣ ጎጃምንና ጎንደርን አልፎ በመተማ ወይም በሁመራ ገዳሪፍ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ደግሞ ከሱዳን መጠለያዎች ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ተስፋ ስለተጨመረ፣ የዚህ መንገድ ተፈላጊነት ከፍ አለ።

በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ፣ ቁጥር 236/1975፣ ሽሽቱን ከፖለቲከኞች እጅ አውጥቶ የሁሉ ወጣት ጉዳይ አደረገው። አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ የስድስት ወር ሥልጠናና የሁለት ዓመት አገልግሎት እንዲሰጥ ሲያዝ፣ ቀበሌዎችና ገበሬ ማኅበሮች ኮታ ተሰጣቸው፤ ኮታው ሲጎድል የሚሞላው በአፈሳ፣ ማለትም ወጣቶችን ከገበያ፣ ከትምህርት ቤት በርና ከመንገድ ሰብስቦ በመውሰድ ነበር። በገበያ ቀን ወተትና ኩበት ይዞ የወጣ የሱሉልታ ልጅ አሁን ከአዲስ አበባ ልጅ የተሻለ ዋስትና አልነበረውም፤ ከዚያ በፊት እንግዳ ሲያስቆም የኖረው ገበሬም የራሱን ልጅ መደበቅ ጀመረ። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው «ጤዛ» ፊልሙ ያሳየው ይህንኑ ነው። ከጀርመን ተምሮ የተመለሰው ሐኪም አንበርብር ወደ ትውልድ መንደሩ ሲገባ የመንደሩ ልጆች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ይኖራሉ። በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመትም በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም ስለ ደርግ ዘመን ከተሠሩት ሁሉ ጠንካራው መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን የአንበርብር ትውልድ በመሀል ከተማና በመንደር መካከል ያለውን መንገድ እንዴት እንዳለፈ እምብዛም አያሳይም። የአገሪቱ ሲኒማ ኬላን እንደ ዋና መድረክ ገና አልተጠቀመበትም፤ አንድ ገመድ፣ አንድ አውቶቡስና ሠላሳ ተሳፋሪ ለድራማ የማይበቃ ሆኖ አይደለም።

ኅዳር 1972 የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆኔከር አዲስ አበባ መጥተው የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ፣ መንግሥታቸው ወጣቶች እንዳይሸሹ እ.ኤ.አ. በ1961 የበርሊንን ግንብ ከሠራ ወደ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሊሞላ ነበር። የደኅንነት ሠራተኞችን በማሠልጠን ደርግን ይረዱ የነበሩት ጀርመኖች ግንቡን ግን ለኢትዮጵያ ሊያወርሱት አይችሉም ነበር፤ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠረውን የኢትዮጵያ ወሰን ማጠር የሚችል መንግሥት የለም። ደርግ ወሰኑን ወደ ውስጥ ስቦ በከተማው ጫፍ፣ በወንዙ ድልድይና በቀበሌው ጠረጴዛ ላይ አበዛው። ከሲሚንቶ ግንብ ይልቅ ርካሽ የሆነው ይህ ዘዴ ግን ደካማ ጎን ነበረው፤ ከፈታሹ ረኃብ፣ ዝምድናና ጉቦ በላይ ሊጠነክር አይችልም።

ይህ ደካማነት የሚታየው በኬላው የቀድሞ ሥራ፣ በጭነት ቁጥጥሩ፣ በኩል ነው። ደርግ የእህል ንግድን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከሰጠ በኋላ፣ ከጎጃምና ከአምቦ ጤፍ ወደ አዲስ አበባ ማስገባት ቁጥጥር ተደርጎበት፣ ፈታሹ ሰው ከመፈለጉ ጎን ለጎን የጤፍና የቡና ኮንትሮባንድ ይፈልግ ነበር። የከተማ እናቶች ለቤተሰብ የሚሆን ጤፍ በቀሚሳቸው ሥር ሸሽገው ማሳለፍ፣ ፈታሹም ዓይኑን ጨፍኖ ድርሻውን መቀበል ተለማመዱ፤ ለጤፍ ከፍ ያለው ገመድ አንዳንዴ ለሰውም ከፍ እንዳለ ከስደት የተጻፉ ማስታወሻዎች ይናገራሉ። የካቲት 26 ቀን 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህል ኬላዎች ተነሡ። ከዓመት ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአውሮፕላን ወጥተው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ፤ የአማፅያኑ ግንባር ኢሕአዴግ ግንቦት 20 አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከጦር ግንባር የተበተኑት የብሔራዊ ውትድርና ወጣቶች በእነዚያው መንገዶች በእግራቸው ወደ ከተማ ይገቡ ነበር።

ታኅሣሥ 1987 የተጀመረውና ታኅሣሥ 1999 የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠበት የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በሥርዓቱ የራሱ ማኅደሮች ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ ስለ ተያዙትና ስለ ተገደሉት ብዙ ያሳውቃል። ስለ ኬላ ግን የሚያሳውቀው ጥቂት ነው፤ ኬላ ላይ ተይዞ የሞተ ሰው በያዘው ቀበሌ ወይም ከቀበሌው በላይ በነበረው አስተዳደር፣ በከፍተኛው፣ መዝገብ ሲገኝ፣ ያለፈው ሰው የሚገኘው በካርቱም፣ በናይሮቢና በዋሽንግተን ባሉ የስደተኛ ማመልከቻዎች ነው፤ ሁለቱን ያገናኘ ጥናት አልበዛም። ነሐሴ 2014 የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ሰበታም ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻ ሆናለች። ዛሬ በጎጃም መንገድ ወደ መተማ የሚሄደውን ወጣት የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ሥራ ፍለጋ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ የሚፈለገውም ከእርሱ ይበልጥ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚጠየቀው ደላላው ነው።